በኮቱ ብብት የነበረው

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሀሚን ዛሬ ጠዋት ሁላችንንም ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰበችን። ኑሀሚን የዚህ የቀድሞ ወታደሮች መጠለያ አስተባባሪ ናት። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኔንም፣ የግቢውን ባለቤት ሐጂንም፣ ሽማግሌዎቹን ወታደሮችም አንቺና አንተ ነው የምትለው። ከደጋ እንደመጣሁ ይህ ያናድደኝ ነበር። ከመጣሁ አርባ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አሁንም ያናድደኛል።

ወረቀት ይዛ ነበር። ድጋፉን የሚልኩት ሰዎች አዲስ መመሪያ አውጥተዋል አለች። እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ ሠራዊት ውስጥ ማገልገሉን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ነሐሴ ሃያ ያቀርባል። ያላቀረበ «ድጋፉ ይቋረጣል»። ይባረራል አላለችም። ግን ሁሉም ከመንገድ ላይ ተነሥተው ነው የመጡት፤ ድጋፉ ሲቋረጥ የት እንደሚሄዱ እሷም እኛም እናውቃለን።

ነዋሪዎቹ አሥራ አራት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ወንዶች ወረቀታቸውን ከየፌስታላቸው ማውጣት ጀመሩ። አንዱ የተቀዳደደ መታወቂያ፣ አንዱ የስንብት ወረቀት፣ አንዱ ከሆስፒታል የተሰጠው። ዑግባድ ብቻ ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ከመካከላቸው ሴት እሷ ብቻ ናት።

«አንቺስ?» አላት ሃምሳ አለቃ ሀብተ ማርያም ከዊልቸሩ ላይ። የነዋሪዎቹ ተወካይ እሱ ነው።

«የነበረኝን ኮቴ ውስጥ ሰፍቼ ነበር የያዝኩት። አሁን የለም።»

«የት ሄደ?»

«የለም አልኩህ አቦ።»

እኔን አላየችኝም። እኔም የጣድኩት ሊያርብኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ወደ ማድቤት ገባሁ። ምንም አልጣድኩም ነበር።

ሐምሌ 5

የምጽፈው በቀትር ነው። በቀትር ድሬ ሁሉ ይጋደማል፤ ውሻውም አይጮህ። እኔ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ እቀመጣለሁ።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ስድሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነው። ያስተማረኝ ሀብተ ማርያም ነው። ሠራዊት ውስጥ የሻለቃ ጸሐፊ ነበር፤ ሁለት እግሩን ያጣው ተሳፍሮበት የነበረው መኪና ተገልብጦ ነው። የማድቤቱን ግድግዳ በከሰል አስሞልቶኛል። «በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ቆጥረሽ ለማን ልትጽፊ ነው፣ ለቅዱስ ጴጥሮስ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ተማርኩ። ከአምና ጀምሮ የማታው መዝገብ በእኔ እጅ ነው። ማን እንዳለ፣ ማን እንደቀረ እጽፋለሁ። እስክሪብቶው በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነው። ሦስት ሌሊት ያለ ፈቃድ የቀረ ስሙ ይሰረዛል፤ የሚሰረዘው በእኔ ጽሕፈት ነው።

ሥራዬ ግን ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ ነው። የሌላ ሰው ወታደር ልብስ አጥባለሁ። የእኔው ባል ዓለምሰገድ በሰማንያ አንድ ወደ ሰሜን ሄደ። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። ወረቀት ስለሌለ ጡረታ የለም። ስለ ወረቀት ኑሀሚን እኔን ልታስተምረኝ አትችልም።

ሐምሌ 8

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ሃያ ጀሪካን በጋሪ አስመጣሁ።

ዑግባድ ታንኮራፋለች። ሴት እሷ ብቻ ስለሆነች ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ግማሹ ክፍል የእሷ ነው። ለሶላት የምትታጠብበት ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜ የሚደናቀፈው በእኔ እግር ነው። ሁለት እግር ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አላነሣችም።

ሐምሌ 12

ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ሳህን አጥባለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው።

ሀብተ ማርያም «እግር የጎደለው ሁሉ ወታደር ከሆነማ፣ ባቡሩ ስንት ወታደር አፍርቷል! ሐዲዱ ስንቱን ቆርጦታል» አለ።

ሳቁ። ዑግባድ ከክፍላችን ደጃፍ ሆና ሰማችው።

«አንተ ጸሐፊ ነበርክ» አለችው። «ጦርነቱን ያየኸው በካርቦን ወረቀት ነው።»

ከበፊቱ የበለጠ ሳቁ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያዝኩት።

«አንቺስ ምን ነበርሽ? ንገሪንና እንመን።»

«ቁስለኛ አንሺ። ከጅጅጋ ወዲያ። እንዳንተ ያለውን ከባድ ሰው ስሸከም ነው ወገቤ የተቆረጠው።»

«ቁስለኛ አንሺ ከነበርሽ ወረቀት አለሽ። እኛ በሰማንያ ሦስት ስንበተን ወረቀታችንን በላስቲክ ጠቅልለን፣ ኮታችን ገበር ውስጥ ሰፍተን ነው የወጣነው። እኔ ብብቴ ሥር ነበር የሰፋሁት። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ያንቺን ምን በላው?»

ክራንቿን ይዛ ገባች።

ብብት ሥር።

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ቆርቆሮ ስለሆነ አልተሰበረም። ጮኸ ብቻ።

ሐምሌ 13

የዚህ ቤት ደንብ እንዲህ ነው። ከመንገድ አዲስ ሰው ሲመጣ ልብሱ በሙሉ ይወሰዳል። በግማሽ በርሜል ውሃ ይፈላል፤ ልብሱ ከሳሙናና ከበረኪና ጋር ይቀቀላል። ቅማልና ትኋን እንዳይገባብን ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ከመቀቀሌ በፊት ኪስ እፈትሻለሁ። ያገኘሁትን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም ወስጄ አላውቅም። የፈለገ ይጠይቅ።

ሐምሌ 14

የትናንቱን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 21

እንግዲህ ይጻፍ።

ዑግባድ የመጣችው የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ነው። የወታደር ካፖርት ለብሳ ነበር። በድሬ ሙቀት ካፖርት። ስትተኛበትና ስትሸፈንበት ኖራ እንደ ቁርበት ደርቋል። ለማጠቢያ ስትሰጠኝ ሕፃን እንደምታቀብል በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ።

ኪሱ ባዶ ነው። ገበሩን ስዳብስ ከግራው ብብት ሥር ጠጠር ያለ ነገር አገኘሁ። በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ተረተርኩት። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ነው፤ ከላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ውስጥ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ ወረቀት። ጫፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ላብ ገብቶበት ቀለሙ ፈሷል፤ ቢሆንም ጽሑፍ ነው። የማን ጽሑፍ፣ የምን ጽሑፍ፣ አላወቅኩም። ያን ጊዜ ጽሑፍ ሁሉ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር።

ክታብ ነው አልኩ። የማላውቀው ሃይማኖት ክታብ እኔ በምተኛበት ክፍል ሊያድር ነው ብዬ ፈራሁ። ወደ ምድጃ ልጨምረው ብዬ እሱንም ፈራሁ። የዚያን ዕለት ደቻቱ፣ ከተማውን የሚሰነጥቀው ደረቅ ወንዝ፣ ውሃ ነበረበት። ድልድዩ ላይ ወጥቼ ጣልኩት። ተመልሼ ብብቱን ሰፋሁ፤ ካፖርቱን ቀቀልኩ።

ሲደርቅ ሰጠኋት። ብብቱን ዳሰሰችው። ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አላህ ይስጥሽ» አለች።

ፊደል መቁጠር የጀመርኩት በወሩ ነው። ለምን እንደጀመርኩ ማንም አልጠየቀኝም።

ክታብ መስሎኝ ነው። ግን ሀብተ ማርያም እንዳለው ነው፤ ላስቲክ፣ ገበር፣ ብብት። ደቻቱ ውስጥ የጣልኩት ወረቀቷን ነው።

ሐምሌ 23

ብናገር እኔም እወጣለሁ። የሰው ንብረት ያጠፋ ሠራተኛ ይሰናበታል ይላል፣ ማድቤቱ በር ላይ የተለጠፈው። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚህ ክፍል ሌላ ክፍል የለኝም።

ሐምሌ 27

ከገበያ ስመለስ ፍራሿ ተጠቅልሏል። ካፖርቷ የለም፤ ክራንቿ የለም። ብርድ ልብሱን አጥፋ አልጋዬ ላይ አስቀምጣልኛለች፤ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ ወታደር እንደሚያጥፈው።

«ነሐሴ ሃያን ምን አስጠበቃት፤ ሳትባረር መውጣቷ ነው» አለ ሀብተ ማርያም። ምሳውን ግን አልጨረሰም።

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ። ከአሥራ አራተኛው ስም ፊት «አለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ 28

አለች።

ሐምሌ 29

አለች። ሀብተ ማርያም መዝገቡን ተቀብሎኝ አገላበጠ። እዚያ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። «ጽሕፈትሽ አምሯል» አለኝና መለሰልኝ።

ሐምሌ 30

በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ቱሪያ አየኋት አለችኝ። ደቻቱ ውስጥ ናት፤ ከድልድዩ በታች፣ አሸዋው ላይ፣ ካርቶን አንጥፋ። የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ስንቱን ሰው ከተኛበት ጠርጎ የወሰደው በነዚሁ ቀናት ነበር። ቱሪያም ያንኑ አሰበች መሰለኝ፤ «ወላሂ ሰማዩን እያየሁ ነው የምውለው» አለች።

እኔ ምን ቸገረኝ አልኳት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሀብተ ማርያም ትኩሳት ይዞታል። የቀኝ እግሩ ጉማጅ አብጦ ቀልቷል። ኑሀሚን ጤና ጣቢያ ደወለች፤ ሰኞ አምጡት አሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አለች።

ነሐሴ 2

ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ፀሐይ ነው። ሩዙን ለኑሀሚን ትቼላት ልሄድ ነው።

ነሐሴ 3

ትናንት የሆነው ይህ ነው።

ደቻቱ ተንኮለኛ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ሳይታሰብ ሰው ላይ ይመጣል። ስደርስ ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ወደ ታች ይጮሃል። አሸዋው ላይ የነበሩት ዕቃቸውን እየያዙ ይወጣሉ። ዑግባድ ካርቶኗን ታጥፋለች። ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያጋጠመች።

ወረድኩ። በዚህ ጉልበቴ።

«ውጪ አንቺ ሴትዮ! ተራራው አይታይሽም?»

«አየሁት። ክራንቹ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ነው እንጂ መውጣት ጠልቼ መሰለሽ?»

ብብቷ ሥር ይዤ ጎተትኳት። እጄ ያረፈው እኔ የሰፋሁት ቦታ ላይ ነበር፤ ስፌቱ ጣቴን ይነካኛል። አንድ ወጠምሻ ከላይ ወርዶ በሌላው በኩል ያዛት። ግንቡ ላይ አውጥተን አስቀመጥናት። ብዙ አልቆየም፤ ውሃው መጣ። ቀይ ነው። ቅርንጫፍ፣ ጎማ፣ የሞተ ፍየል። የተኛችበት ቦታ ጠፋ።

«ቤቴን ወሰደብኝ» አለችና ሳቀች።

«ነይ ወደ ቤት።»

«ወረቀት የለኝም አባዮ።»

አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ስትቆጣኝም እንዲሁ ነው የምትለኝ።

አሁን ልንገራት አልኩ። ውሃው ፊቴ ላይ ነው፤ ያን ቀን የጣልኩበት ውሃ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ሀብተ ማርያም ቁስሉ አመርቅዟል። ትኩሳት ይዞታል። ጤና ጣቢያው ሰኞ ብሏል።»

«መግል አለው?»

«አለው።»

«ሽታውስ?»

«ምግብ አያስበላም።»

«እና እስካሁን እዚህ ምን ትጎለቻለሽ!» ብላ ክራንቿን አነሣች። በባጃጅ ተመለስን። ማታ «አለች» ብዬ ስጽፍ ከአምስት ቀን ውሸት በኋላ እውነት ጻፍኩ።

ነሐሴ 4

ውሃና ጨው አፈላሁላት። ምላጩን እሳት ላይ አስያዘችው። ሀብተ ማርያም «ይቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው፣ መስክሩ!» ይላል። «ጸሐፊ አልገድልም፤ ዋጋ የለውም» አለችው። መግሉን አወጣችው። ፋሻውን በአንድ እጇ ጠመጠመችው፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ አዙራ ወደ ውስጥ አሾለከችው፤ ቀሪውን በጥርሷ በጠሰችው። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጇን አላየችውም።

እሱ ግን አየው።

«ይህን አስተሳሰር ማን አስተማረሽ?»

«ሐረር፣ አንድ ሻምበል። በአንድ እጅ እሰሩ አለን፤ ሌላው ቃሬዛ ይያዝ።»

ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። እሷ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ «አሁንስ ትመሰክርላታለህ?» አልኩት።

«እጇን አይቻለሁ» አለ። «ጦር ሜዳ ላይ ግን አላየኋትም። እኔ ያላየሁትን ፈርሜ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አንድ የውሸት ወረቀት አልወጣብኝም። ወረቀት ነበራት፣ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው ይምጣ፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።»

ነሐሴ 9

ኑሀሚን መመሪያውን ደግማ አነበበች። ማስረጃው የጠፋበት ሰው ሁለት ነገር ያቀርባል። እንዴት እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ የሰጠው ቃል፣ እና የአንድ የቀድሞ የሠራዊት አባል ምስክርነት። አንዱ ካለ ሌላው ከሌለ አይሆንም።

«አንቺ አብረሻት ነው የምትኖሪው» አለችኝ። «ወረቀቷ እንዴት እንደጠፋ ሰምተሻል?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

ነሐሴ 10

እኔ ምን አውቄ። እኔ ምን አውቄ። እኔ ምን አውቄ።

ቀሲስ ጋ ሄጄ ልናገር አልኩ። ቀሲስ ማስረጃ አይጽፉም።

ነሐሴ 12

ዑግባድ ልብሷን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከታለች። ሃያ ሲደርስ እንዳልቸኩል ነው አለች። እኔ በጾም ደክሜ ስለነበር ሳትጠየቅ ድስቱን አማሰለችልኝ። ጨው አበዛችበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህባት ነበር።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ሥጋው አልጣመኝም።

ነሐሴ 19

አምስት ወረቀት አበላሸሁ። የመጀመሪያው ላይ ምክንያቴን አበዛሁት። ሁለተኛው ላይ ደንቡን ወቀስኩ። ሦስተኛው ላይ እሷን ወቀስኩ፣ ለምን አልነገረችኝም ብዬ። የቀረው ይህ ነው፦

«እኔ በለጠች የዚህ ቤት ምግብ አብሳይና ልብስ አጣቢ ነኝ። የዑግባድ ካፖርት ብብት ውስጥ ተሰፍቶ የነበረውን ወረቀት ፈትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። ክታብ መስሎኝ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ሦስት ዓመት ደብቄያለሁ።»

ነሐሴ 20

ማስረጃውን የሚያየው ኮሚቴ ተቀምጧል፤ ሦስት ናቸው። ሐጂ ዓብዱልአዚዝ፣ ግቢውን በነፃ የሰጡት ነጋዴ፣ መሀል ናቸው። ኑሀሚን በቀኝ፣ ሀብተ ማርያም በግራ። ዑግባድ ፌስታሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ ወንበር ላይ ናት።

«የሚመሰክር አለ?» አሉ ሐጂ።

ቆምኩ። ወረቀቱን ከጡቴ ሥር አውጥቼ ራሴ አነበብኩት። ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። «ደቻቱ» የሚለው ላይ ተሰናከልኩ፤ ደግሜ አነበብኩት።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ።

«ሦስት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር የት እሄዳለሁ ብዬ።»

«እሷስ የት ትሄድ ነበር?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

ዑግባድ «ሐጂ...» አለች። «ቆይ፣ ተራሽ ይደርሳል» አሏት። በዚህ መሀል ሀብተ ማርያም እጁን ዘርግቶ ቅጹን ሳበው። «ወረቀት ከነበረ በቃ» አለ። «አስተሳሰሯን አይቻለሁ፤ የእኛው ናት።» ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ፊርማው እንደ ጸሐፊ ፊርማ ረጅም ነው።

«አሁን ተናገሪ» አሏት ሐጂ።

ዑግባድ ፊርማውን አየች። መስኮቱን አየች፤ ደመና ነበር። እኔን አየች።

«ምንም» አለች።

ነሐሴ 21

አላባረሩኝም። ማን ያበስላል? ኑሀሚን ግን መዝገቡን መውሰድ አለብኝ አለች፤ ዑግባድ ያልነበረችባቸውን ቀናት «አለች» ማለቴንም ራሴ ነግሬያት ነበር። ከእንግዲህ የማንም ስፌት ባለቤቱ ሳይኖር እንዳይፈታ ተብሎ ተለጠፈ። እስክሪብቶውን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎን ድካም አውቃለሁ» አለችኝ።

አርባ ሁለት ዓመት አንቱ የሚለኝ ስፈልግ ኖርኩ። አንቺ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 24

ይህን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ነው የማኖረው።

በቀትር ሁለታችንም ተጋድመን ነበር። ዑግባድ ወደ ጣሪያው እያየች «አባዮ፣ እውነትሽን ነበር» አለች።

«የቱን?»

«ክታብ ነው ያልሽውን።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«ሠራዊት ልገባ ስል እናቴ መልካ ጀብዱ ያለ ሸይኽ ዘንድ ሄዳ አስጻፈችልኝ። ጥይት እንዳይነካሽ ብላ። ጥይትም አልነካኝ። ሸይኹ ፈንጂ አላለም።» ብቻዋን ሳቀች። «የስንብት ወረቀቴንማ ወንድሜ በሰማንያ ሦስት ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ቤት ይፈተሻል ሲባል ፈርቶ። ወረቀት ኮቴ ውስጥ ነበር ብዬ አላውቅም። የነበረኝ ነው ያልኩት።»

እውነቷን ነው። ሐምሌ ሦስት የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ፤ «የነበረኝን» ነው የሚለው። ወረቀት ያደረግነው ሀብተ ማርያምና እኔ ነን።

«ለምን ዝም አልሽ እዚያ?»

«ልናገር ነበር። እሱ ፈረመ። ሳይዋሽ የኖረ ሰው ደስ ብሎት ሲፈርም አየሁት። ከዚያ ደመናውን አየሁት።»

«እኔ መሆኔንስ ታውቂ ነበር?»

«እናቴ የሰጠችኝ ክር ጥቁር ነበር። አንቺ በነጭ ሰፋሽው። ሦስት ዓመት እጄን ባነሣሁ ቁጥር አየዋለሁ።»

«ታዲያ አትጠይቂኝም!»

«ብጠይቅሽ ከክፍሉ የምታስወጪኝ መሰለኝ።»

እኔም ያን ጊዜ ምን አደርግ እንደነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ አሁን ሁኔታው ይህ ነው። እውነት ብዬ የሰጠሁት ቃል ውሸት ሆኗል። ውሸቱ ሴትዮዋን ቤት ውስጥ አኑሯታል። ብናገር ሀብተ ማርያም ፊርማውን ያነሣል፤ የማያነሣ ሰው አይደለም። እና ወረቀት ቢሆን ኖሮ ሌላ ይጻፍላት ነበር። እኔ የጣልኩት እናቷ የሰጠቻትን ነው፤ ሌላ የላትም ነበር። ያንን ደግሞ የሚጠይቀኝ ኮሚቴ የለም።

ነሐሴ 25

አልናገርም።

ነሐሴ 29

ሀብተ ማርያም «ዝም ብለሻል፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ። መዝገቡን ስለወሰዱብኝ ነው አልኩት። ደግ ሆኖ «ይመለስልሻል» አለኝ። ፋሻው አሁንም በእሷ አስተሳሰር ነው የሚታሰረው። ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።

መጋላ ገበያ ወርጄ ጥቁር ክር ገዛሁ። ለምን እንደሚሆነኝ ገና አላወቅኩም።

ጳጉሜን 3

ዑግባድ ካፖርቷን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ባዶ ሆኖ ይበርደኛል» አለች። በዚህ ሙቀት።

«ሸይኽ ፈልጊያ። መልካ ጀብዱ ሞልቷል።»

«የእናቴ ሸይኽ ሞቷል። አንቺ ጻፊልኝ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ። እኔ የምጽፈው ክታብ አይሆንም።»

«ክታብ መቼ አልኩሽ? የወሰድሽው ወረቀት ነው፤ የምትመልሽውም ወረቀት ይሁን። የበፊቱንም ምን እንደሚል አላውቀውም ነበር። ስለ እኔ ተጨንቆ ሰው የጻፈው መሆኑን ነበር የማውቀው።» ከዚያ ደግሞ «ረጅም እንዳታደርጊው፤ ይቆረቁረኛል» አለች።

ሁሉም ሲጋደም ጀሪካኔ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። አጠፍኩት። ጨርቅ፣ ከጨርቁ በላይ ላስቲክ። ነጩን ክር አንድ በአንድ ፈታሁት፤ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታያለች፤ ደንብ ነው። በጥቁሩ ሰፋሁት።

ለበሰችውና ብብቱን ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች።

«አላህ ይስጥሽ» አለች።

ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀችኝም፤ እዚህም አልደግመውም። ይህን ደብተር የሚያገኝ ሰው ግን ከመሀሉ አንድ ቅጠል ተቀድዶ ቢያይ፣ ደግሞ ምን ደበቀች እንዳይለኝ። ባለቤቱ ጋ ነው።